ግጥሙ ቀረ፣ ዜማው ሄደ



እንዲህ ባለው የመገናኛ መጽሔት ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምንጽፈው ስለ ዶርማችን፣ ስለ ካፌው ወጥ፣ ስለ ፈተና ሰሞን ሌሊቶችና ስለ ተለዩን ጓደኞች ነው። እኔም እንደዚያው ላደርግ ነበር ያሰብኩት። ሐሳቤን ያስለወጠኝ የአንድ ተማሪዬ ጥያቄ ነው።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ይርጋጨፌ ላይ ታሪክ አስተምራለሁ። አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ አለ፤ ቅዳሜና እሁድ በቤተ ክርስቲያኑ የመዘምራን ቡድን ውስጥ ኪቦርድ ይጫወታል። ከክፍል ስወጣ ተከትሎኝ መጣና «ቲቸር፣ ኮንሰርቫቶሪ ምንድን ነው?» አለኝ። ማታ በሬዲዮ ስለ ፒያኒስት ግርማ ይፍራሸዋ ሲወራ «ሶፊያ ኮንሰርቫቶሪ ተማሩ» ሲባል ሰምቶ ቃሉ አእምሮው ውስጥ ቀርቶበታል። «የሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው» ብዬ መለስኩለት። «ታዲያ ለምን ትምህርት ቤት አይሉትም?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። የታሪክ መምህር ነኝ፤ ቃል ከየት እንደመጣ መጠየቅ ሥራዬ ነው፤ ግን ጠይቄ አላውቅም። «ፈልጌ እነግርሃለሁ» አልኩት። ፍለጋው ካሰብኩት በላይ ራቅ ወዳለ ቦታ ወሰደኝ፤ መጨረሻ ላይ ግን እዚሁ ዲላ፣ እኔው ራሴ ተማሪ በነበርኩበት ጊዜ የሠራሁት አንድ ጥፋት ላይ አመጣኝ። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ለልጁ የዘገየ መልስ ነው፤ ለእናንተ ደግሞ አንድ ጥያቄ አለው። ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር አድርጌ የምጽፍባቸው ቦታዎች ላይ እ.ኤ.አ. ብያለሁ።

የሙት ልጆች ቤት

ቃሉ የጣሊያን ነው። ሥሩ «መጠበቅ፣ ማቆየት» ማለት ነው። ኮንሰርቫቶሪዮ ሲባል ቃል በቃል «ማቆያ» ነው። የሚቆየው ግን መጀመሪያ ሙዚቃ አልነበረም፤ ሕፃን ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በኔፕልስ ከተማ ወላጅ የሌላቸውን ልጆች ሰብስቦ የሚያሳድግ ቤት በዚህ ስም ይጠራ ነበር። ከእነዚህ ቤቶች የመጀመሪያው የሚባለው ሳንታ ማሪያ ዲ ሎሬቶ እ.ኤ.አ. በ1537 ተቋቋመ። ልጆቹ የሚያበላቸው ዘመድ ስለሌላቸው እጅ ላይ የሚገባ ሙያ መማር ነበረባቸው። ከሙያዎቹ አንዱ ዝማሬ ነበር፤ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለቀብርና ለበዓል ዘምረው ለቤቱ ገቢ ያመጣሉ። ቀስ በቀስ ዝማሬው ሌላውን ሙያ ሁሉ ዋጠው፤ ወላጅ ያላቸው ልጆችም ከፍለው መግባት ጀመሩ። ስሙ ከሕፃናቱ ወደ ሙዚቃው የተሻገረው እንዲህ ነው።

ከዚያ በኋላ ቃሉ አውሮፓን አዳረሰ። ፓሪስ እ.ኤ.አ. በ1795 ከአብዮቱ በኋላ የመንግሥት ኮንሰርቫቶሪ አቋቋመች። ፕራግ በ1811፣ ለንደን የንጉሣዊ ሙዚቃ አካዳሚዋን በ1822 ከፈቱ። ባኽ ለ27 ዓመት ባገለገለበት በላይፕዚግ ከተማ ደግሞ በ1843 የሙዚቃ ደራሲው ፌሊክስ ሜንደልሶን የጀርመንን የመጀመሪያ ኮንሰርቫቶሪ መሠረተ። ቡልጋሪያ ዘግይታ ነው የመጣችው፤ ሶፊያ ላይ በ1904 በግል የተጀመረ የሙዚቃ ትምህርት ቤት በ1921 የመንግሥት አካዳሚ ሆነ። ዛሬ በሙዚቃ ደራሲው በፓንቾ ቭላዲጌሮቭ ስም ይጠራል።

የእኛው ማቆያ

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። አውሮፓ ለሙዚቃ ማቆያ ስትሠራ እኛ ምን ነበረን?

ነበረን እንጂ! ከስድስተኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቅዱስ ያሬድ ስም የሚጠራው ዜማ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ስልት ሲወርድ ሲዋረድ መጥቷል። የተጠበቀውም እንዲሁ በዘፈቀደ አይደለም። ድጓ የተማረ ሰው ለማስመስከር ጋይንት፣ ቤተልሔም ይሄዳል። ዝማሬ መዋሥዕት ከሆነ ዙር አምባ ነው። ተማሪው ዓመታት ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ፣ በለመነው ቁራሽ እየኖረ፣ ሌሊት በቃሉ እየቀጸለ ይማራል። «የት አስመሰከርክ?» ሲባል የቦታውን ስም ይጠራል። ሶፊያ ተማርኩ፣ ላይፕዚግ ተማርኩ እንደማለት ነው። የቆሎ ተማሪ ከኔፕልሱ የሙት ልጅ የሚለየው ወላጁን ትቶ በፈቃዱ መውጣቱ ብቻ ነው። ረሀቡም ልምምዱም አንድ ነው።

በጣም የገረመኝ ግን ዘመኑ ነው። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት እንደሚለው በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1540 እስከ 1559 ባለው ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት ለዜማው ምልክት ሠሩለት። ከፊደሉ በላይ በትንንሹ የሚጻፉት የዜማ ምልክቶች ከዚያ የመጡ ናቸው። ከግራኝ ጦርነት በኋላ ነው፤ ብዙ ገዳም ተቃጥሏል፣ ብዙ መምህር ሞቷል። አንድ ሊቅ ሲሞት ዜማው አብሮት እንዳይሄድ ምልክቱ ወረቀት ላይ ያዘው። በኔፕልስ የሙት ልጆች ቤት በተከፈተ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የእኛም ሰዎች በራሳቸው መንገድ ማቆያ እየሠሩ ነበር ማለት ነው።

ይህንን ያነሳሁት «እኛ ቀድመናል» ለማለት አይደለም። ለምን እንደሆነ ወደ መጨረሻው ታያላችሁ።

አርባ ልጆች

ወደ ዘመናዊው ሙዚቃ ስንመጣ፣ ኔፕልስን የሚያስታውስ ነገር እዚህም ተደርጓል። እ.ኤ.አ. በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ሲደርሱ አርባ የአርመን ልጆች የናስ መሣሪያ ይዘው ማርሽ ሲጫወቱ ሰሙ። ልጆቹ ከአርመኖቹ እልቂት የተረፉ፣ ወላጅ የሌላቸው ነበሩ። ራስ ተፈሪ ወደዷቸውና ከነመሣሪያቸው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» የሚለው ስም ዛሬም ድረስ አለ። አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ፤ እስከ 1974 እ.ኤ.አ. የተዘመረውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱት እርሳቸው ናቸው። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በኋላ መጥተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ለብዙ ዓመት ሙዚቀኞችን አሠልጥነዋል። እ.ኤ.አ. በ1977 እዚሁ አዲስ አበባ ዐረፉ።

እንግዲህ አስቡት። ኮንሰርቫቶሪ የሚለው ቃል የመጣው ከሙት ልጆች ቤት ነው። የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃም አንዱ ሥሩ አርባ የሙት ልጆች ናቸው።

የተዘጋው በር

ከዚህ በኋላ ታሪኩ ይገለበጣል፤ የእኛ ልጆች ወደ አውሮፓ መሄድ ይጀምራሉ። ሁሉም ግን አልደረሱም።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ እ.ኤ.አ. በ1923 አዲስ አበባ ተወለዱ። የልጅነት ስማቸው የውብዳር ነው፤ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው። በስድስት ዓመታቸው ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ፤ ቫዮሊንና ፒያኖ እዚያ ጀመሩ። ወደ አገር ከተመለሱ በኋላ ፋሺስት ጣሊያን ወረረን፤ ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው አዚናራ ደሴት ላይ ታሰሩ። ከነፃነት በኋላ ካይሮ ሄደው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ከሚባል ፖላንዳዊ ቫዮሊኒስት ጋር ተማሩ። በቀን ዘጠኝ ሰዓት ይለማመዱ እንደነበር ይነገራል።

ከዚያ በ1822 የተከፈተው የለንደኑ ንጉሣዊ የሙዚቃ አካዳሚ ዕድል መጣ። ፈቃድ ሳያገኙ ቀሩ። ሐዘኑ አልጋ ላይ ጣላቸው፤ እህል አልቀምስ አሉ። ከዚያ ሲነሡ ወደ ለንደን ሳይሆን ወደ ወሎ፣ ወደ ግሸን ማርያም ሄዱ፤ መነኮሱ። አሥር ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው ኖሩ። ፒያኖውን እንደገና ሲነኩት ግን ከጣታቸው የወጣው ለንደን የምታስተምረው ዓይነት ብቻ አልነበረም። የአውሮፓው ልምምድና የማኅሌቱ ዜማ አንድ ላይ የተቀላቀሉበት፣ የማንም ያልሆነ፣ የራሳቸው ድምፅ ነበር። የመጀመሪያው ሸክላቸው እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን ውስጥ ታተመ። ከ1984 ጀምሮ ኢየሩሳሌም፣ በኢትዮጵያ ገዳም ኖሩ። በመጋቢት 2023 በ99 ዓመታቸው ዐረፉ።

ይህንን ታሪክ ለክፍሌ ስነግር አንዲት ተማሪ «እንኳን አልሄዱ! ቢሄዱ እንደ ሌላው ይሆኑ ነበር» አለች። እኔ በዚህ አልስማማም። የተዘጋን በር በረከት አድርገን ስናወራ በሩን የመክፈት ኃላፊነት ከጫንቃችን ይወርዳል። እማሆይ ድምፃቸውን ያገኙት በእምነታቸውና በጥረታቸው ነው። በሩ በመዘጋቱ አይደለም። እንደ እርሳቸው ጠንካራ ስላልሆኑ የቀሩትን፣ ስማቸውን የማናውቃቸውን ማን ይቆጥራል?

ሄደው የተመለሱ

በሩ የተከፈተላቸውም አሉ። ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1943 ጅማ ተወለዱ። ወደ ዌልስ የተላኩት ኢንጂነሪንግ እንዲማሩ ነበር፤ ሙዚቃ አሸነፋቸውና ለንደን ትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ ገቡ። ከዚያ አትላንቲክን ተሻግረው ቦስተን፣ በርክሊ ተማሩ። አሸናፊ ከበደ ደግሞ በአውሮፓው ኮንሰርቫቶሪ አምሳል በተሠራው የኒው ዮርክ ግዛት ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው እ.ኤ.አ. በ1962 ተመረቁና ተመለሱ። በ1960ዎቹ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲቋቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ።

ያሬድ የሚለውን ስም ልብ በሉልኝ። በአውሮፓ ሥርዓት፣ በኖታ፣ በፒያኖና በቫዮሊን የሚያስተምር ቤት ስሙን የወሰደው ከአክሱም ሊቅ ነው። ቡልጋሪያውያን መምህራንም መጥተው አስተምረውበታል። ክራር፣ ማሲንቆና ዋሽንትም በዚያው ቤት ይሰጣል። ሁለቱ ማቆያዎች በአንድ ግቢ ተገናኙ ማለት ነው።

ወደ ግርማ ይፍራሸዋ ስንመጣ የልጁ ጥያቄ ጋ ደረስን። እ.ኤ.አ. በ1967 አዲስ አበባ ተወለዱ። ልጅ እያሉ የሚያውቁት ክራር ነበር። 16 ዓመት ሲሆናቸው ያሬድ ገቡ፤ ፒያኖን የተዋወቁት እዚያ ነው። ይህንን ለተማሪዬ ስነግረው ዓይኑ ፈጠጠ። አውሮፓ ውስጥ ኮንሰርቫቶሪ የሚገባ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በአምስትና በስድስት ዓመቱ ነው የሚጀምረው። በ16 ዓመት መጀመር ማለት ጣት ከጠነከረ በኋላ ማለት ነው። እርሳቸው ግን በርትተው የቡልጋሪያ የትምህርት ዕድል አገኙና ሶፊያ ሄዱ።

በእነዚያ ዓመታት ወደ ምሥራቅ አውሮፓ የሚሄደው ልጃችን ብዙ ነበር። አብዛኛው ሕክምና፣ እርሻ፣ ኢንጂነሪንግ ይማራል። ሙዚቃ የሚማረው ጥቂት ነው። ኮንሰርቫቶሪ ውስጥ ሕይወት ምን እንደሚመስል ለማናውቀው ላስረዳ፦ ዋናው ትምህርት ከአንድ ፕሮፌሰር ጋር፣ አንድ ለአንድ ነው። ልክ እንደ የኔታና ደቀ መዝሙር። ከዚያ ውጭ ኖታ አይቶ በድምፅ ማውጣት፣ የድምፆች ስምምነት፣ የሙዚቃ ታሪክ አለ። ቀሪው ሰዓት ልምምድ ነው፤ ባኽ፣ ቤትሆቨን፣ ሾፐን። ፈተናው ወረቀት ላይ አይደለም። ኮሚቴ ፊት ቁጭ ብለህ በቃልህ ትጫወታለህ። መቅጸል ነው በአጭሩ።

በመሃል ቡልጋሪያ ተናወጠች። እ.ኤ.አ. ከ1989 በኋላ የኮሙኒስቱ ሥርዓት ወደቀ፤ የውጭ ተማሪዎች ድጋፍም አብሮ ተናጋ። ግርማ ትምህርታቸውን አቋርጠው ጣሊያን ሄዱ፤ በሃይማኖት ሰዎች እርዳታ ቆዩ። ብዙው ሰው እዚያው ይቀር ነበር። እርሳቸው ወደ ሶፊያ ተመልሰው ማስተርሳቸውን ጨረሱ፤ በ1995 እ.ኤ.አ. አገር ቤት ገቡ። ከዚያ እስከ 2001 ድረስ ያሬድ ውስጥ ፒያኖ አስተማሩ። ለንደንና ላይፕዚግም ለተጨማሪ ትምህርት ሄደዋል። እማሆይ ሳይገቡበት የቀሩት የለንደኑ አካዳሚ ለሌላ ኢትዮጵያዊ ተከፈተ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ትምህርት ምን ጠቀመ? ሥራቸውን ስሙት። አምባሰልን ፒያኖ ላይ አስቀምጠውታል። ቀላል ነገር አይደለም። ክራር በዘፋኙ ድምፅ ልክ ይቃኛል፤ ዛሬ ከፍ፣ ነገ ዝቅ ይላል። ፒያኖ ግን 88 ቁልፉ አንዴ ከተቃኘ እንደዚያው ነው፤ በሁለት ቁልፎች መሃል ያለውን ድምፅ አታገኘውም። የእኛ ዜማ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚኖረው እዚያው መሃል ነው። ስለዚህ አምባሰልን ወደ ፒያኖ የሚያመጣ ሰው ሁለቱንም ቤት በደንብ ማወቅ አለበት። ያንን ሶፊያ ብቻዋን አላስተማረችም፤ ክራሩ ብቻውንም አላስተማረም።

የእኔ ደብተር

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። ከላይ የጠራኋቸውን ስሞች መልሳችሁ እዩ። አዲስ አበባ፣ አዲስ አበባ፣ ጅማ። የጌዴኦ ልጅ የለበትም። ይህ የማንም ተንኮል አይደለም፤ መንገዱ በአዲስ አበባ ብቻ ያልፍ ስለነበረ ነው። ፒያኖ ያለው እዚያ ነው፤ ያሬድ ያለው እዚያ ነው፤ የትምህርት ዕድል የሚወጣው እዚያ ነው። በሞያሌ መንገድ ወደ ደቡብ ስትወርዱ ዲላን፣ ወናጎን አልፋችሁ ይርጋጨፌ እስክትደርሱ ድረስ ፒያኖ የለም። ዜማ ግን አለ። እንሰት ሲፋቅ አለ፤ ቡና ሲለቀም አለ፤ ጥር ላይ ደራሮ ሲከበር አለ፤ በየቤተ ክርስቲያኑ አለ።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ዩኒቨርሲቲያችን ገና ኮሌጅ በነበረበት ጊዜ፣ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ የአፍ ታሪክ እንድንሰበስብ ታዘዝን። እኔ ጌዴኦኛ እየሰማሁ ያደግኩ ልጅ ነኝና በወናጎ በኩል ወደ አንድ ሽማግሌ ሄድኩ። ሰውየው ስለ ጎሳቸው አመጣጥ ሲነግሩኝ በወሬ አልነገሩኝም፤ በዜማ ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከዘራቸውን መሬት ላይ ቀስ እያደረጉ፣ ረዘም ላለ ሰዓት አዜሙ። እኔ እየተጣደፍኩ ጻፍኩ። ሦስት ገጽ ሞላልኝ።

ሲጨርሱ በትክክል መጻፌን ለማረጋገጥ አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ «ልጄ፣ ቃሉ ልክ ነው» አሉ። «ዜማውንስ የት አደረግከው?»

ሳቅሁ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። እርሳቸው ግን አልሳቁም። «በሚቀጥለው ቴፕ ይዤ እመጣለሁ» ብዬ ቃል ገባሁ። ፈተና መጣ፤ ከዚያ ዕረፍት፣ ከዚያ ሦስተኛ ዓመት። ቴፕ ልዋሰው የምችለው ጓደኛ ነበረኝ፤ መንገዱም ሩቅ አልነበረም። አልሄድኩም፣ በቃ። በሚቀጥለው ዓመት ክረምት ላይ ሽማግሌው ማረፋቸውን ሰማሁ።

ወረቀቱ ጥሩ ውጤት አመጣልኝ። ደብተሩ ዛሬም እቤቴ አለ። ሦስቱን ገጽ አውጥቼ ሳያቸው ቃላቱ አሉ፤ የት ላይ ድምፃቸውን እንደረዘሙ፣ የት ላይ እንደሰበሩ፣ የት ላይ ከዘራው መሬት እንደመታ ግን የለም። ግጥሙ ቀረ፣ ዜማው ሄደ። አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ከአራት መቶ ዓመት በፊት የገባቸው ነገር ለእኔ፣ ለኮሌጅ ተማሪው፣ አልገባኝም ነበር። ከላይ ቆይታችሁ ታያላችሁ ያልኳችሁ ይህ ነው።

ምን እናድርግ?

እናንተ መምህራን፣ እናንተ በየቦታው የተበተናችሁ ጓደኞቼ፣ ጥያቄዬ ይህ ነው። ማቆያ እንሥራ?

ሕንፃ አልጠይቅም። የኔፕልሱም በሕንፃ ታላቅነት አልጀመረም። እኔ የማስበው ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ዛሬ ሁላችንም ኪስ ውስጥ መቅጃ አለ። ለመገናኘት ስትመጡ ወይም ለበዓል ወደ ቤተሰብ ስትገቡ፣ እያንዳንዳችሁ የአንድ አዛውንት ወይም የአንዲት እናት ዜማ ቅዱ። ቀረጻው ብቻውን ግን ዋጋ የለውም። የማን ድምፅ እንደሆነ፣ የት ቀበሌ፣ በስንት ቀን፣ ለምን አጋጣሚ የሚዜም እንደሆነ አብሮ ይነገር፤ እዚያው ቀረጻው መጀመሪያ ላይ በድምፅ ተናገሩት፤ ወረቀት ይጠፋል። ከዚያ ሁለት ቦታ ይቀመጥ፤ ስልክ ይሰረቃልና።

ሁለተኛ፣ ፈቃድ። ይርጋጨፌ የሚለው ስም ምን እንዳሳለፈ እናውቃለን። የኢትዮጵያ መንግሥት ይርጋጨፌን፣ ሲዳሞንና ሐረርን በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ሲነሣ ከስታርባክስ ጋር ክርክር ገጠመ፤ ስምምነት ላይ የተደረሰው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ቡናው የእኛ ሆኖ ስሙ የእኛ መሆኑን ለማሳመን ዓመታት ፈጀ። ዜማው ላይ ይህ እንዳይደገም፣ የሚያዜመው ሰው ማን እንዲሰማው እንደሚፈልግ አስቀድሞ ይጠየቅ። አንዳንዱ ዜማ ለሁሉም አይደለም፤ እሱም ይከበር።

ሦስተኛ፣ የታሪክ፣ የቋንቋና የባህል መምህራን የሆናችሁ፣ ለተማሪ የአፍ ታሪክ ስታዙ «ዜማውንስ የት አደረግከው?» የምትለዋን ጥያቄ ጨምሩልኝ። ኖታ የሚያነብ አንድ ሰው ከመዘምራን ቡድኖች መካከል ፈልጋችሁ ከተማሪዎቹ ጋር አገናኙ። የጌዴኦ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተብሎ ተመዝግቧል፤ እንሰቱ፣ ቡናው፣ ዛፉ፣ ትክል ድንጋዩ። ድንጋዩ ይቆያል። ጨልባ ቱቲቲ ላይ ቆሞ ስንት ዘመን አሳለፈ! ዜማ ግን እንደ ድንጋይ ቆሞ አይጠብቀንም።

ይህንን ስል ልጅ ወደ ውጭ አይሂድ ማለቴ አይደለም። ይሂድ! ያሬድ ይግባ፣ ሶፊያ ይሂድ፣ ላይፕዚግ ይሂድ። ነገር ግን ግርማ ይፍራሸዋ ሶፊያ የደረሱት የክራር ድምፅ ጆሯቸው ውስጥ ይዘው ነው። እማሆይ ከስዊዘርላንድና ከካይሮ የያዙት ልምምድ ከማኅሌቱ ጋር ሲገናኝ ነው የራሳቸው የሆነው። ከይርጋጨፌ የሚሄድ ልጅ ምን ይዞ ይሄዳል? የአያቱን ዜማ ካላስቀመጥንለት ባዶ እጁን ነው የሚሄደው፤ ሲመለስም የሌላ ሰው ሙዚቃ ብቻ ይዞ ነው።

ለልጁ የሰጠሁት መልስ

ባለፈው ወር ተማሪዬን ጠርቼ ነገርኩት። ኔፕልስን፣ አርባ ልጆችን፣ እማሆይን፣ ሶፊያን። በጸጥታ ሰማኝ። የእኔን ደብተር ታሪክም ነገርኩት፤ ትንሽ አፍሬ። «ኮንሰርቫቶሪ ማለት ማቆያ ማለት ነው» አልኩት።

ጥቂት አሰበና «አያቴ አለች» አለኝ። «እንሰት ስትፍቅ የምታዜመው አለ። እማዬም አታውቀውም።»

ቅዳሜ ከመዘምራን ልምምድ በፊት አብረን ሄድን። ስልኩን ቡና ማቅረቢያው ረከቦት ላይ አስቀመጠው። መጀመሪያ ስሟን፣ ቀበሌዋን፣ ቀኑን ተናገረ። አያቱ ሳቀች፤ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች። ከዚያ አዜመች። ሲመለስ ኪቦርዱ ላይ ሊፈልገው ሞከረ። አንዱን ድምፅ አጣው፤ በሁለት ቁልፎች መሃል ነበረ።

«ቲቸር፣ ይሄ የለም እኮ» አለኝ።

«አለ» አልኩት። «ስልክህ ላይ አለ። ኪቦርዱ ላይ ነው የሌለው።»

ለመገናኘት ስትመጡ አንድ አንድ ቀረጻ ይዛችሁ ኑልኝ። እኔም አዲስ ደብተር ይዤ እጠብቃችኋለሁ።